ስድስት ቀን በሞተር ሳይክል፦ ከጅማ ተነስቶ በጫካው ዞሮ ጅማ

በሞተር ሳይክል ወደ ደቡብ ምዕራብ ልሄድ መሆኑን የሰማች ጎረቤቴ ስለ ዕድሜዬ አንድም ነገር አላነሳችም። «መንገዱ አንድ አይደል እንዴ? መሪ ምን ያደርግላችኋል?» ነበር ያለችኝ። እውነቷን ነው። ከጅማ ቦንጋ፣ ከቦንጋ ሚዛን፣ ከሚዛን ቴፒ፣ ከቴፒ ማሻና ጎሬ፣ ከዚያ በመቱና በበደሌ አድርጎ ተመልሶ ጅማ፤ ዋናውን መንገድ የያዘ ሰው የሚጠፋበት ቦታ የለም። ስድስቱን ቀን ከተጓዝኩ በኋላ ግን ለጎረቤቴ የሚሆን መልስ አግኝቻለሁ። መሪ ገንዘቡን የሚያገኘው ሞተሩን በማስቆሙ ነው።

ጉዞው የእህቴ ልጅ ሐሳብ ነበር። እሱ ጎበዝ ነጂ ነው፤ እኔ መንዳት አልችልም፣ ከኋላ ተቀምጬ ነው የሄድኩት። እሺ ያልኩት ለሽርሽር ብቻ አይደለም። የነርስነት ዲፕሎማዬን እንደያዝኩ የተመደብኩት በዚያው በጫካው አገር ነበር። የክትባት ፕሮግራሙ በአገራችን የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ሥራ ስገባ ገና ጨቅላ ነበርና ክትባቱን በበረዶ ሳጥን አድርገን በበቅሎ እየጫንን ነበር መንደር ለመንደር የምንዞረው። ያን አገር ከነሽታው እንደገና ማየት ፈለግሁ።

ሞተሮቹ አምስት ነበሩ። ከኋላ ጓዝ፣ ትርፍ ጎማና ቤንዚን የጫነች ፒክአፕ ትከተለናለች። በመጀመሪያው ምሽት ጅማ ላይ መሪያችን አንድ ደብተር ይዞ መጣና እያንዳንዳችንን ጠየቀ፤ የሚወስዱት መድኃኒት አለ? የሚያስቸግርዎት ምግብ ወይም መድኃኒት አለ? የደም ዓይነትዎ? አንድ ነገር ቢፈጠር ለማን ይደወል? ብዙ ካርድ የሞላሁ ሰው ነኝ፤ እንደዚህ በአግባቡ የሚጠይቅ ግን በክሊኒክም ሁልጊዜ አይገኝም። የደም ግፊት እንዳለብኝ ነገርኩት። «ሲስተር፣ ክኒንዎን ስንት ሰዓት ነው የሚወስዱት?» አለኝ። ጠዋት ነው አልኩት። ከዚያ በኋላ ሳይጠይቀኝ ቁርስ የቀረበበት ቀን አልነበረም።

ሄልሜታችንንም አንድ በአንድ ፈተሸ። ከአገጭ ሥር ባለው ማሰሪያ ሁለት ጣት ብቻ መግባት አለበት፤ ከዚያ ከሰፋ ሲወድቁ አብሮ ይወልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጥሩ ሄልሜት የሞትን አደጋ ከ40 በመቶ በላይ፣ ከባድ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ 70 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ታዲያ በየከተማው የምናየው ምንድን ነው? ነጂው አድርጎ፣ ከኋላው ያለችው እናት ከነሕፃኗ ባዶ ራሷን። ሲወድቁ አስፋልቱ ነጂና ተሳፋሪ አይለይም።

ከጅማ ወጥታችሁ ሸቤን ካለፋችሁ በኋላ መንገዱ ወደ ጎጀብ ወንዝ ቁልቁል ይወርዳል። ሙቀቱ ፊታችሁን ሲመታችሁ ይታወቃችኋል። ወንዙን ተሻግራችሁ ወደ ቦንጋ ሽቅብ ስትወጡ ደግሞ አየሩ በየመታጠፊያው ይለወጣል። ይህን መኪና ውስጥ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። የእርጥብ ቅጠል ሽታ፣ ቀጥሎ የጭስ፣ ቀጥሎ የተሰጣ ቡና፣ አንዳንዴም ኮረሪማ፤ አፍንጫ ከዓይን ቀድሞ ይደርሳል። የከፋ ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበ ነው። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ራሱ በቅሎ ይታያል። ከላይ በቅርንጫፍ ላይ ረጃጅም ቀፎዎች ተሰቅለዋል። መሪያችን ሞተሩን ሲያጠፋ ጉሬዛዎቹ ነጭ ጭራቸውን እያርገበገቡ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ አየን። ሞተሩ ባይጠፋ ኖሮ አንዱንም አናይም ነበር።

ቦንጋ ስንደርስ አንዷ ተጓዥ ስትወርድ የእግሯ ውስጠኛ ባት የጋለውን ማርሚታ ነካው። ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው ትልቁ ጠላት ይኸው ነው፤ በረጅም ሱሪና በቦት ጫማ ሂዱ፣ ሁልጊዜም ነጂው በነገራችሁ በኩል ውረዱ። ያረፍንበት ቤት ባለቤት ደግ ሴት ናቸው፤ እየሮጡ የአገሩን ማር አመጡ። «እማማ፣ ማሩን ለሻይ እናድርገው፤ እኔ ውኃ ስጡኝ» አልኳቸው። ለቃጠሎ የመጀመሪያው ሕክምና ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ማፍሰስ ነው። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ የሚባል ነገር አይቀባም። የሚቋጥረውን ውኃ አታፍርጡት። ልጅቷ ሃያ ደቂቃ ረዘመባት፤ ሰዓቴን ይዤ ቆሜ ጠበቅኋት። በማግስቱ ቁስሉን በሻሽ ሸፍናላት ሞተሯ ላይ ወጣች።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን በሰላም አለፉ። የውሽውሽ የሻይ እርሻ እንደተከረከመ ምንጣፍ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ይታያል፤ ፎቶ ለሚወዱ ቦታው እሱ ነው። ሚዛን አደርን፤ ወደ ቴፒ ወረድን፤ አገሩ ሞቀ።

አራተኛው ቀን ግን ሌላ ነው። ከቴፒ ወደ ማሻ ስትሄዱ ከቆላው ተነስታችሁ ከ2,000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። ወሩ ጥር ነበር፤ በሌላው አገር ደረቅ ወር ነው፣ ሸካ ግን ዝናቡን ለማንም አያስፈቅድም። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ያዘን። ቀይ አፈሩ ሳሙና ሆነ፣ ሞተሮቹም በአንደኛ ማርሽ እየተንሸራተቱ ይሳቡ ጀመር። ጌጫ ስንደርስ መሪያችን አቆመንና «ዛሬ እዚህ ነው የምናድረው» አለ።

ቁጣ ሆነ። ማሻ ላይ አልጋ ተይዟል፤ የቀረውም ብዙ አይደለም። ከሁሉ አብዝቶ የተቆጣው የእህቴ ልጅ ነበር። «ከፍለን መጥተን እንደ ሕፃን እንታዘዛለን?» አለ። መሪው አልመለሰለትም። ወደ እኔ መጣና በዝግታ «ሲስተር፣ እጁን ይዩልኝ» አለኝ።

አየሁት። የሄልሜቱን ማሰሪያ ለመፍታት ሦስት ጊዜ ሞክሮ አቅቶታል። ከንፈሩ ደብዝዟል፣ ንግግሩ ይጎተታል፣ ይንቀጠቀጣል። «ደህና ነኝ አክስቴ፣ እንሂድ» ይላል። ብርድ ሰውነትን ሲያሸንፍ መጀመሪያ የሚወስደው የጣትን ቅልጥፍናና የአእምሮን ፍርድ ነው፤ በሽተኛው ራሱ ደህና ነኝ ባይ ይሆናል። በረጠበ ልብስ ላይ የሞተር ንፋስ ሲጨመርበት ሰው በሞቃት አገር መካከልም እንዲህ ይሆናል። ፍሬን መያዝ ያለበት እጅ ማሰሪያ መፍታት ካቃተው፣ በዚያ ጭቃ ላይ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈለግሁም።

እርጥቡን ልብስ አስወልቀን በደረቅ ብርድ ልብስ ጠቀለልነው፤ ራሱንም ሸፈንን። ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣነው። አንድ ሽማግሌ ከልባቸው አዝነው አረቄ ይዘው መጡ፤ አመስግነን መለስን። አረቄ ለጊዜው የሞቀ ይመስላል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ወደ ውጭ ያስወጣዋል። እጅና እግሩን ማሸትም አያስፈልግም። ግማሽ ሰዓት ያህል ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ቀስ እያለ ቀለሙ ተመለሰ፣ ራት በላ፤ ማታ ተነስቶ ሄዶ ከመሪው አጠገብ ተቀመጠ። የተባባሉትን አልሰማሁም።

ያ መሪ ከጨለመ በኋላ አያስነዳም። ጉም አለ፣ መንገድ ላይ የሚተኛ ከብት አለ፣ መብራት የሌለው አይሱዙ አለ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ወደሚቀጥለው ከተማ እየደወለ የመንገዱንና የአካባቢውን ሰላም ይጠይቃል፤ አንድ ቀን መልሱ እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ቡና ስንጠጣ ቆይተናል። ከፊት እሱ፣ ከመጨረሻ ረዳቱ ይነዳሉ። ፍጥነቱን የሚወስነው የሁላችንም ዘገምተኛ ነው። እንዲህ ያለ ጉዞ የምታስቡ ካላችሁ ስለ ሆቴሉ ከመጠየቃችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑንም አስከፍታችሁ እዩ፤ ፋሻው አርጅቶ የተጣበቀበት ሳጥን ብዙ አይቻለሁ። ወድቆ ራሱን የሳተ ሰው እየተነፈሰ ከሆነ ሄልሜቱን ጎትታችሁ እንዳታወልቁ፤ አንገቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

ከማሻ ወደ ጎሬ ያለውን መንገድ በፀሐይ ሄድነው። ቀርከሃው ከመንገዱ በላይ ተቃቅፏል። በበቅሎ ከማለዳ እስከ ማታ የምንጓዘውን ርቀት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ጨረስነው፤ በቅሎዋ ግን ከወገቤ ጋር የበለጠ ትስማማ ነበር። ጎሬ አሁን ጸጥ ያለች ከተማ ናት። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ስትወድቅ የመንግሥት መቀመጫ ወደዚህ ተዛውሮ ልዑል ራስ እምሩ ለጥቂት ወራት ከዚህ ሆነው መርተዋል። ከወጣቶቹ አንዱም ይህን አያውቅም ነበር፤ ነገርኳቸው።

የመጨረሻው ቀን ረጅም ነው፤ ከመቱ በያዮና በበደሌ፣ ዴዴሳን ተሻግሮ በአጋሮ አድርጎ ጅማ። በየሰዓቱ ወርደን አሥር ደቂቃ እንራመድ ነበር። ዕድሜዬ ላይ ላለ ሰው ይህ ግዴታ ነው፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው እግሩን አያንቀሳቅስም፣ ደሙ ይረጋል፣ ወገቡ ይደርቃል።

ከተመለስን በ12ኛው ቀን ከተጓዦቹ አንዱ ደወለልኝ። ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ራሱን ያመዋል፤ ጉንፋን ነው ብሎ ሁለት ቀን ተኝቷል። «ቴፒ ማደርህን ለሐኪሙ ንገረው፤ ዛሬውኑ ደምህን ተመርመር» አልኩት። አዲስ አበባ ላይ ትኩሳት ይዞ የሚሄድ ሰው የት እንደነበር ካልተናገረ ወባ ቶሎ ላይታሰብ ይችላል። አንደኛው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊመለስ ይችላል። ውጤቱ ያው ቫይቫክስ የሚባለው ሆነ። ማታ በአጎበር ስር ተኝቶ እንደሆነ ስጠይቀው ሙቀቱ አስቸግሮት ገልጦት እንደነበር ነገረኝ። የ14 ቀኑን ክኒን ከጀመረ በኋላ በየማታው እየደወልኩ ጠየቅሁት፤ ባለፈው ማክሰኞ የመጨረሻዋን ዋጠ።