የአምስተርዳሙ ላንድሮቨር አሮጌ ቀለም

እንግሊዝ አገር፣ ከሶሊሃል ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ጥገናው ተጀምሮ የቀረ አንድ ላንድሮቨር በሰው ግቢ ውስጥ ለዓመታት ተጥሎ ነበር። የተሠራው እዚያው ሶሊሃል ነው። በ2018 መጀመሪያ (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የላንድሮቨር ኩባንያ የመኪናውን ማንነት አጣርቶ ይፋ ሲያደርግ ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሚያዝያ 30 ቀን 1948 ላንድሮቨር የሚባል መኪና በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ሲታይ፣ ከቀረቡት ሦስት መኪኖች አንዱ ይኸው ነው። ለመንገድ ያገለገለው እስከ 1960ዎቹ ብቻ ነበር። ከዚያ ዌልስ ውስጥ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ኃይል እንዲሰጥ ብቻ እየተነሳ፣ ሃያ ዓመት ያህል ኖረ።

ኩባንያው መኪናውን ለመጠገን ሲነሳ አንድ ነገር ወሰነ፦ በ1948 የተቀባው ፈዛዛ አረንጓዴ ቀለም አይነካም። እየተላጠም ቢሆን ይኖራል። አዲስ ቀለም መቀባት የሚያቅተው ፋብሪካ ሆኖ አይደለም።

ምክንያቱን ለማየት ወደ አወላለዱ መመለስ ያስፈልጋል። ላንድሮቨርን የወለደው የሮቨር ኩባንያ ዋና ንድፍ አውጪ ሞሪስ ዊልክስ ዌልስ ውስጥ በአንግልሲ ደሴት እርሻ ነበረው። ለእርሻው ሥራ ይነዳ የነበረው ከጦርነቱ የተረፈ የአሜሪካ ጂፕ ነው። በ1947 በደሴቲቱ ዳርቻ፣ አሸዋ ላይ፣ በጂፑ ምትክ የሚሆን መኪና ንድፍ ሣለ ይባላል። ከጦርነቱ በኋላ ብረት በራሽን ነበር፤ አሉሚኒየም ግን እንደ ልብ ይገኛል። ስለዚህ አካሉ ቢርማብራይት ከሚባል የአሉሚኒየም ቅይጥ ላሜራ ተሠራ። ሻንሲው ጠፍጣፋ ብረት እየተበየደ እንደ ሳጥን የተገጠመ ነው። ቀለሙ እንኳ ከጦር ኃይሉ የተረፈ አረንጓዴ ነበር። ሞተሩ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቱ 50 የፈረስ ጉልበት፤ ዋጋው 450 ፓውንድ። ይህ ሁሉ እጥረት የወለደው ብልሃት ነው። ያን አረንጓዴ ፍቆ በአዲስ አረንጓዴ መተካት የእጥረቱን ማስረጃ እንደ መፋቅ ነው።

የአምስተርዳሙ መኪና ደግሞ ኋላ በብዛት ከተመረቱት ወንድሞቹ ይለያል። ላሜራው ይወፍራል፣ ሻንሲው ዝገት እንዳይበላው ዚንክ ውስጥ ተነክሯል፣ የኋላ ሳጥኑም ተነቃይ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ መለዋወጫ ሱቅ ሄዶ አይገዛም። ከተጣለ ተጣለ።

ሥራው እንዴት ይሄዳል? ጥሩ ጠጋኝ በመጀመሪያው ሳምንት መፍቻ አያነሳም። የሚይዘው ካሜራና ደብተር ነው። እያንዳንዱ ቡሎን ከመፈታቱ በፊት ፎቶ ይነሳል፣ ከተፈታ በኋላ ከነዳዶው በከረጢት ገብቶ ስም ይጻፍበታል። ቡሎኖቹ በእንግሊዝ ኢንች የተለኩ ናቸው፤ በሚሊሜትር መፍቻ የታገላቸው ሰው የዳዶውን ጠርዝ አሟልጦ ይቀራል። አንድ ሌላ ወጥመድም አለ፦ በዚያ ዘመን እንግሊዞች ባትሪውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኙት በፖዘቲቩ በኩል ነበር። ይህን ሳያውቅ እንደ ዛሬ መኪና በኔጌቲቭ ያሰረ ሰው ገመድም ዲናሞም ሊያቃጥል ይችላል።

አሉሚኒየም አይዝግም የሚሉ ሰዎች የላንድሮቨር በር ከሥሩ ገልብጠው ቢያዩ ጥሩ ነው። ላሜራው ከብረት ጋር በተነካካበት፣ ውኃ በገባበት ቦታ ሁሉ አሉሚኒየሙ እንደ ዱቄት ነጭ ሆኖ ይረግፋል። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በእርጥበት ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይበላልና። የተጎዳችው ጠርዝ ብቻ ተቆርጣ ሌላ ይበየድባታል። የተጣመመውን ማቃናት ደግሞ ለማየት ደስ የሚል ሥራ ነው። አሉሚኒየም ሲግል እንደ ብረት አይቀላም፤ መልኩን ሳይለውጥ ድንገት ቀልጦ ይፈስሳል። ስለዚህ ባለሙያው ላሜራውን ደረቅ ሳሙና ይቀባና በቀስታ በእሳት ያሞቀዋል። ሳሙናው ሲጠቁር እሳቱን ያነሳል። ያን ጊዜ ላሜራው ለስልሷል፤ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያለ ይመለሳል።

ቀለሙን በለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና አጥቦ፣ ሰም ቀብቶ መተው ነው። እንግሊዞች ፓቲና የሚሉትን እኛ ወዝ እንለዋለን፤ የእጅ፣ የፀሐይና የዕድሜ ወዝ።

እውነተኛው ክርክር ሻንሲው ላይ ነው። አዲስ ሻንሲ ገዝቶ አሮጌውን አካል መጫን ይቀላል። ለእኔ ግን ቁጥሩ የተመታበት ብረት ከሄደ የቀረው ሌላ መኪና ነው፤ የበሰበሰውን ብቻ ቆርጦ መጣፍ ይሻላል። ለፍሬን ቱቦ፣ ለነዳጅ ቱቦና ለጎማ ግን እንዲህ ያለ ርኅራኄ የለኝም። እነሱ አዲስ ይሁኑ፤ ሰው ይሳፈርበታል።

ላንድሮቨር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ገጠር ውስጥ ላንድሮቨር መጣ ማለት የመንግሥት ሰው መጣ ማለት የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውሱ ብዙ ናቸው። ሞያውም አለን፤ የእኛ ባትላሜራ ያላቃናው ላሜራ የለም። ጥፋታችን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ፣ ስቱኮ ተለጥፎ መኪናው እንደ ሙሽራ ሲቀባ ነው።

ስለዚህ የአባትዎ ወይም የአያትዎ ላንድሮቨር ጓሮ ቆሞ ዶሮ ሰፍሮበት ከሆነ፣ ቆራሌውን ከመጥራትዎ በፊት ጨርቅ በውኃ ነክረው የስም ሰሌዳውን ይጥረጉ። ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩና ይጻፉት። ቀለሙን ግን አይንኩት።