ኮምፒውተር ሲቀየር በአሮጌ ሶፍትዌር የተያዘው የሠራተኛ ማህደር እንዴት ይሻገራል?

ማይክሮሶፍት ኩባንያ ዊንዶውስ 10 ለተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በነፃ ሲሰጥ የቆየውን የደህንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቋርጧል። ከዚያ ቀደም ዊንዶውስ ኤክስፒ በመጋቢት 2006፣ ዊንዶውስ 7 ደግሞ በጥር 2012 ዓ.ም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሟቸዋል። በአርባ ምንጭ ከተማና በጋሞ ዞን ወረዳዎች ለሚገኙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጉዳዩ አዲስ ኮምፒውተር በመግዛት ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ለዓመታት በአሮጌ ፕሮግራም ሲመዘገብ የኖረው የደመወዝ፣ የንብረትና የሠራተኛ መረጃ በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ መከፈት አለመከፈቱ ቀድሞ መረጋገጥ ይኖርበታል።

በአካባቢው ይህን ጥያቄ የሚያከብደው ሌላም ምክንያት አለ። የቀድሞው ጋሞ ጎፋ ዞን በ2011 ዓ.ም ጋሞና ጎፋ ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የዞኑ ተጠሪነት ወደ አዲሱ ክልል ተዛውሯል። በመሆኑም በ1990ዎቹ በቁጫ ወይም በቦንኬ ተቀጥሮ በኋላ ወደ ሳውላ የተዛወረ ሠራተኛ የአገልግሎት ማስረጃው ዛሬ በሌለ የዞን ስም፣ በሌለ የክልል ስም ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። የጡረታ አበል የሚሰላው በአገልግሎት ዘመንና በደመወዝ ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ መረጃው አልከፈት ሲል ተጎጂው ማሽኑ ሳይሆን ሠራተኛው ነው።

አንድ ፕሮግራም በአዲስ ኮምፒውተር ላይ የማይሠራበት ዋነኛው ምክንያት የተሠራበት ዘመን ነው። በዶስና በመጀመሪያዎቹ የዊንዶውስ እትሞች ዘመን የተዘጋጁት ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞች በባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ላይ ሲሠሩ ቆይተዋል። ባለ 64 ቢቱ ግን ፈጽሞ አይቀበላቸውም። ዊንዶውስ 11 የተዘጋጀው በ64 ቢት ብቻ በመሆኑ ለእነዚህ ፕሮግራሞች በሩ ተዘግቷል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። ፕሮግራሙ ራሱ ባለ 32 ቢት ሆኖ ሳለ መጫኛው ብቻ ባለ 16 ቢት የሆነበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ሲሆን ሲዲው «አልጭንም» ቢልም ፕሮግራሙ ካለበት አሮጌ ኮምፒውተር ከነሙሉ ፎልደሩ ሲገለበጥ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ በሲዲው እምቢታ ብቻ ተስፋ ቆርጦ አሮጌውን ኮምፒውተር ወደ ንብረት ማስወገድ መላክ ስህተት ነው።

በቪዥዋል ቤዚክ 6 የተጻፉ ፕሮግራሞች ዕድላቸው የተሻለ ነው። መሠረታዊ ማስኬጃቸው ከዊንዶውስ 11 ጋር አብሮ ይመጣልና፤ የሚጎድሉት አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት አጋዥ ፋይሎች ናቸው። በማይክሮሶፍት አክሰስ 97 የተዘጋጀ የሠራተኛ መዝገብ ግን ከአክሰስ 2013 ወዲህ ባሉት እትሞች አይከፈትም። በአክሰስ 2010 ወይም ከዚያ በቀደመ እትም ከፍቶ ወደ አዲሱ ቅርጽ መለወጥ የግድ ነው። በዲቤዝ የተያዙ መዝገቦች በኤክሴል ሊነበቡ ይችላሉ። በኮሌጆችና በድርጅቶች በስፋት የሚታወቀው የፒችትሪ የሒሳብ ፕሮግራም ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2012 ጀምሮ ሴጅ 50 በሚል ስም የቀጠለ በመሆኑ የቆየውን የሒሳብ መዝገብ ደረጃ በደረጃ ወደ አዲሱ ማሳደግ የሚቻልበት መንገድ አለ። ከማሳደጉ በፊት ግን ቅጂ መያዝ ያስፈልጋል፤ አንዴ ያደገ መዝገብ ወደ ቀድሞው እትም አይመለስም።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው የፊደል ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያዊው ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ሲሆን በዊንዶውስ ውስጥ የራሱ ፊደል ተካትቶለት የመጣው በ2007 ለገበያ ከዋለው ዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው። ከዚያ በፊት የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ የቀድሞ እትሞችን የመሳሰሉት የአማርኛ ጽሑፍ ፕሮግራሞች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። በዚህ መንገድ የተጻፈ ስም በኮምፒውተሩ ዘንድ የላቲን ምልክቶች ክምር እንጂ አማርኛ አይደለም። ያ ፊደል ባልተጫነበት አዲስ ኮምፒውተር ላይ መዝገቡ ሲከፈት የሚታየው ትርጉም የለሽ ምልክት ነው። ፊደሉ ቢጫንና ስሙ በትክክል ቢነበብ እንኳ ችግሩ አያበቃም። የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያው የሠራተኛውን ስም በዩኒኮድ ጽፎ ሲፈልግ ኮምፒውተሩ «የለም» ይላል፤ ሰውየው ግን እመዝገቡ ውስጥ ተቀምጧል። ለዚህ መፍትሔው መረጃውን በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ማዛወርና እያንዳንዱን ስም በወረቀት ከተያዘው ማህደር ጋር ማመሳከር ነው። አድካሚ ቢሆንም አቋራጭ የለውም።

የዘመን አቆጣጠርም የራሱን ወጥመድ ይዟል። የውጭ ፕሮግራሞች የቀን መሙያ ቦታ 13ኛ ወር ስለማያውቅ ጳጉሜንን አይቀበልም። ጥቅምት 30ንም እንደ ፌብሩዋሪ 30 ቆጥሮ ይመልሳል። በዚህ የተነሳ ቀኖች እንደ ተራ ጽሑፍ የሚመዘገቡበት ሁኔታ ይፈጠራል። መረጃው ሲዛወር የትኛው ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ካልተለየ በ1990 ዓ.ም የተቀጠረ ሠራተኛ እንደ አውሮፓውያኑ 1990 ተቆጥሮ ከ7 እስከ 8 ዓመት ያላገለገለው አገልግሎት ይጨመርለታል። በተገላቢጦሽ ሲሆን ደግሞ ያን ያህል ዓመት ይጎድልበታል።

ፕሮግራሙ በምንም መንገድ በአዲሱ ላይ የማይሠራ ከሆነ የሚቀረው አማራጭ ምናባዊ ኮምፒውተር ነው። ይኸውም በአዲሱ ማሽን ውስጥ አሮጌውን ዊንዶውስ ከነፕሮግራሙ እንደ አንድ ትልቅ ፋይል ማኖር ማለት ነው። ቨርቹዋል ቦክስን የመሰለ ነፃ ሶፍትዌር ለዚህ ይበቃል፤ ለዶስ ፕሮግራሞች ደግሞ ዶስ ቦክስ የሚባለው አለ። አሮጌው ዊንዶውስ የደህንነት ማሻሻያ የማያገኝ በመሆኑ በምናባዊው ኮምፒውተር ውስጥ የኢንተርኔት ግንኙነቱ መቋረጥ ይኖርበታል። ይህን ሥራ ማዘግየት በአርባ ምንጭ በተለይ ያስጠይቃል። በከተማዋ ቆላማ ሙቀት፣ ማቀዝቀዣ በሌለው ክፍል ውስጥ ለዓመታት የሠራ ሃርድ ዲስክ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር አንድ ቀን የመክሸፍ ዕድሉ ይጨምራል። በመሆኑም የመጀመሪያው እርምጃ መሆን ያለበት ፕሮግራሙን ማስተካከል ሳይሆን የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ማንሳት ነው። ባለሙያ ከሩቅ መጥራትም የግድ አይደለም። በ1979 ዓ.ም በውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት ተቋቁሞ በ1996 ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሙያ የሚያሠለጥን በመሆኑ መሥሪያ ቤቶች ትብብር ሊጠይቁት የሚችሉት በቅርባቸው ነው።

ዝውውሩ ተሳክቷል የሚባለው ፕሮግራሙ ስለተከፈተ ብቻ አይደለም። ከየበጀት ዓመቱ የአንድ ወር የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ፣ የወረቀቱ ድምርና በአዲሱ ኮምፒውተር የሚታየው ድምር እስከ ሳንቲሙ መመሳከር አለበት። ሁለቱ እኩል እስኪሆኑና የፕሮግራሙ የይለፍ ቃል በኃላፊው ካዝና በጽሑፍ እስኪቀመጥ ድረስ አሮጌው ኮምፒውተር ከንብረት ክፍል መውጣት የለበትም።