የቀንጢቻ ታንታለም

በጎጃም ያለችው የደብረ ኤልያስ ወረዳ ደቡባዊ ወሰን አባይ ነው። ከደጋው ወደ በረሃው የሚወርድ ሰው መጀመሪያ የሚረግጠው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ የፈሰሰውን ጥቁር ድንጋይ ነው። ከሥሩ የኖራና የአሸዋ ድንጋይ አለ፤ ከሁሉም በታች ደግሞ መላው አገር የተቀመጠበት ጥንታዊ አለት። የጎጃም ደጋ ይህን አለት ወፍራም ልብስ አልብሶታል። ወርቅ፣ ፕላቲነምና ሌሎች ብርቅዬ ብረቶች በብዛት የሚገኙት አለቱ ገላውን ባሳየባቸው አካባቢዎች፣ በወለጋ፣ በቤንሻንጉልና በጉጂ ነው።

ከእነዚህ አንዱ ቀንጢቻ ነው፤ ያለውም በጉጂ ዞን፣ በሰባ ቦሩ ወረዳ፣ ከሻኪሶና ከአዶላ የወርቅ ምድር አጠገብ ነው። እዚያ ፔግማታይት የሚባል፣ ከቀለጠ አለት መጨረሻ ላይ የረጋ ነጣ ያለና ባለትልልቅ ፍሬ ድንጋይ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተዘርግቷል። ዕድሜው ወደ 530 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ሌላው አለት የማይቀበላቸው ንጥረ ነገሮች፣ ታንታለም፣ ኒዮቢየምና ሊቲየም፣ የተጠራቀሙት በዚህ ውስጥ ነው። ክምችቱን ያገኙት በደርግ ዘመን፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ የኢትዮጵያና የሶቪየት ባለሙያዎች ናቸው። በኋላም የኢትዮጵያ ማዕድን ልማት አክሲዮን ማህበር ለረጅም ዓመታት አመረተበት።

የቀንጢቻ ዕድል ከላይ ያለው ድንጋይ በዝናብና በሙቀት በስብሶ አፈር መሆኑ ነው። ጠንካራ አለት በድማሚት ማፍረስ ሳያስፈልግ ቆፍሮ ማጠብ ይበቃ ነበር። ታንታለም ያዘለው ማዕድን ከተራው ነጭ ድንጋይ ከእጥፍ በላይ ይከብዳል። ስለዚህ ውሃ በሚነቀነቅ ጠረጴዛ ላይ ሲያልፍ፣ ስንዴ በሰፌድ ሲበጠር ፍሬውና ገለባው እንደሚለያይ፣ ቀላሉ ይሄዳል፣ ከባዱ ይቀራል። የቀረው ጥቁር ዱቄት በበርሜል ታሽጎ ይላክ ነበር።

ታንታለም ሙቀትን በመቋቋም የቱንግስተን የቅርብ ዘመድ ነው። ቱንግስተን የሚቀልጠው በ3,422 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ታንታለም በ3,017 ነው፤ ሁለቱም ሌላው ብረት ውሃ በሚሆንበት ሙቀት ይጸናሉ። ቱንግስተን ለመቁረጫ ስለትና ለጦር መሣሪያ ይፈለጋል። ታንታለም ደግሞ በጄት ሞተር ውስጥ ይገባል፤ የሰው ሰውነት ስለማይጣላው ለተሰበረ አጥንት መጠገኛም ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን በስልክ ውስጥ፣ ኤሌክትሪክ በምትይዝ ደቃቅ ዕቃ፣ በካፓሲተር ውስጥ አለ። የብረቱ ዱቄት እጅግ ስስ ኦክሳይድ ስለሚለብስ፣ በሩዝ ፍሬ መጠን ብዙ ኃይል ማጠራቀም ይቻላል።

በ2000 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የስልክ ገበያ ሲጋል የታንታለም ዋጋ ተተኮሰ፤ በምሥራቅ ኮንጎ ታጣቂዎች በማዕድኑ ይጠቀሙ ነበር። አሜሪካ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ሕግ ታንታለም፣ ቆርቆሮ፣ ቱንግስተንና ወርቅ ከየት እንደመጡ ኩባንያዎች እንዲያጣሩ አስገደደች። የአውስትራሊያው ትልቅ የታንታለም ማውጫ ዎድጂናም በ2008 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሥራ ማቆሙ ይታወሳል። ከኮንጎ የጦርነት ቀጠና ውጭ ያለውንና መንግሥት ያስተዳድረው የነበረውን ቀንጢቻ ገዢዎች ይፈልጉት የነበረው ለዚህ ነው።

ነገር ግን ከበርሜሉ በኋላ ያለው ሥራ የእኛ አልነበረም። ታንታለምን ከኒዮቢየም ለመለየት ማዕድኑን በአደገኛ አሲድ ማሟሟት ያስፈልጋል፤ ይህን የሚያደርጉ ፋብሪካዎች ያሉት እንደ ቻይና፣ ጀርመን፣ ካዛክስታንና ኢስቶኒያ ባሉ አገሮች ነው። በማዕድኑ ውስጥ ዩራኒየምና ቶሪየም አብረው ስላሉ፣ መጠናቸው ሲያልፍ ጭነቱ እንደ ራዲዮአክቲቭ ዕቃ ይቆጠራል፤ ብዙ የመርከብ ድርጅቶችም አይቀበሉትም። ይህም የቀንጢቻን ሽያጭ ደጋግሞ አስቸግሯል። እኔ የምቆጨው በዚህ ነው። ዩራኒየሙንና ቶሪየሙን እዚሁ የሚለይ ፋብሪካ ቢኖር ኖሮ፣ ማዕድኑ በጉዞ ችግር ዋጋ ባላጣ ነበር። በማውጫው አካባቢ ለሚኖሩት አርብቶ አደሮችና ለሠራተኞቹም ዩራኒየም ያለበትን አቧራና የማጠቢያ ውሃ በጥንቃቄ መያዝ ከዋጋው በፊት የሚመጣ ጉዳይ ነው።

አሁን የበሰበሰው ክፍል ሥር ያለው ጠንካራ አለት ተራ ደርሶታል። በዚያ ውስጥ ስፖዱሚን የተባለ ሊቲየም የያዘ ማዕድን አለ፤ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የሚሠራው በሊቲየም ነው። ስፖዱሚን ግን ከታንታለም ይልቅ ርካሽ ነው፤ በብዙ ሺህ ቶን እንጂ በበርሜል አይሸጥም። ከቀንጢቻ እስከ ጅቡቲ ያለው ረጅም የመኪና መንገድ ትርፉን ይበላል፤ ስለዚህ ማጣሪያው የት ይተከላል የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት አለበት።