በቆዳ የሚሰርገው መድኃኒት ፈተና

በፓርኪንሰን ሕመም ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳት ሲሞቱ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጡንቻ ይገተራል። የሚዋጠው ክኒን ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል ብዙ ሕሙማን ማለዳ ሰውነታቸው ተሳስሮ ይነቃሉ። የዶፓሚንን ሥራ የሚተካው ሮቲጎቲን ግን በቆዳ ላይ ተለጥፎ ለ24 ሰዓት ሳያቋርጥ ወደ ደም ይሰርጋል። 287 ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ሙከራ፣ መድኃኒት ከሌለው ልጥፍ ጋር ሲነጻጸር የማለዳ እንቅስቃሴንና እንቅልፍን እንዳሻሻለ አሳይቷል።

ይሁንና ቀደም ሲል፣ በ2008፣ በልጥፉ ላይ የመድኃኒቱ ክሪስታሎች ተገኝተው ነበር። ክሪስታል ሲፈጠር በቆዳ የሚያልፈው መጠን ስለሚቀንስ መድኃኒቱ ከአሜሪካ ገበያ ተሰበሰበ፤ ሕሙማኑም ቀስ በቀስ እንዲያቆሙት ተደረገ። ቅመማው ተሻሽሎ በ2012 ተመለሰ። ከዚህ የምንረዳው፣ መድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን ተሸካሚው ልጥፍም መፈተን እንዳለበት ነው።