በአሜሪካን አገር የምግብ ቤት ሥራ፤ ቻይናዎቹና የእኛ ሰዎች

አሜሪካን አገር ዘመድ ያለው ተማሪ በመካከላችን ጥቂት አይደለም። ዘመድህ ምን ይሠራል ተብሎ ቢጠየቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ይሠራል» የሚል ብቻ ነው። ሥራው ምን እንደ ሆነ፣ በሰዓት ስንት እንደሚከፈለው፣ ስንት ሰዓት ቆሞ እንደሚውል፣ ማን እንደ ቀጠረው ጠያቂም አይጠይቅ፣ ተጠያቂም አያወራ። እዚህ ሳንሱሲ ያለችው እናት የምታውቀው የሐዋላውን ቀን ነው። ሳንሱሲ የሚለው ቃል በፈረንሳይኛ «ያለ ሐሳብ» ማለት ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ ዋሺንግተን የገባ ጐረምሳ ግን ሐሳብ የሚባለውን ነገር ደኅና አድርጎ የሚማረው እዚያ ነው።

ይህ ጽሑፍ አዲስ ገቢው ስደተኛ ስለ ምን ወደ ምግብ ቤት ጓዳ እንደሚገባ፣ ገብቶም በምን ዐይነት ደንብ እንደሚሠራ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። የአገራችን አዋጅ ካልሆነ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ነገሩን ከቻይናዎቹ መጀመር ይሻላል፤ መንገዱን አስቀድመው የረገጡት እነርሱ ናቸውና። ቻይናዎች በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወደ ካሊፎርኒያ የተሻገሩት ወርቅ ለመቆፈርና የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት እንጂ ምግብ ለመሸጥ አልነበረም። ወርቁ ሲመናመን ሐዲዱም ሲያልቅ ነጮቹ ሠራተኞች «እንጀራችንን ቀሙን» ብለው ተነሡባቸው፤ በ1882 ኮንግሬሱ የቻይና የጉልበት ሠራተኛ ወደ አገሩ እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ አወጣ። አስቀድመው ለገቡትም ቢሆን የተረፈላቸው ሌላው ወንድ የሚጠየፈው ሥራ ነበር፤ ይኸውም ልብስ ማጠብና ወጥ መሥራት ነው።

ይሁን እንጂ ሕጉ የጉልበት ሠራተኛን እንጂ ነጋዴን አይከለክልም ነበር። በ1915 አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት የምግብ ቤት ባለቤትም ከነጋዴ ይቈጠራል ብሎ ፈረደ። ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር የሚያስደንቅ ነው። ብዙ ሆነው ገንዘብ ያዋጡና ደረጃው ከፍ ያለ ምግብ ቤት ይከፍታሉ፤ ከባለ ድርሻዎቹ አንዱ ለአንድ ዓመት ያህል ሥራ አስኪያጅ ይሆናል፤ በዚያ ዓመት ሳሕን ማጠብ፣ ምግብ ማቅረብ ለእርሱ ክልክል ነው፤ ካጠበ ነጋዴነቱ ቀርቶ የጉልበት ሠራተኛ ይባላልና። የነጋዴነቱን ወረቀት ካገኘ በኋላ ዘመዱን ለማምጣት ይችላል፤ ሥራ አስኪያጅነቱም ለሚቀጥለው ባለ ድርሻ ይተላለፋል። እንግዲህ የቻይና ምግብ ቤት በየከተማው የበዛው አሜሪካውያን ሩዙን ስለ ወደዱት ብቻ አይደለም። ሌላው በር ሁሉ ተዘግቶ ሳለ ሕግ ገርበብ አድርጎ የተወው ይህን አንዱን በር ስለ ነበረ ጭምር ነው።

ገንዘቡን ያጠራቀሙበት ዘዴ ለእኛ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። ሁዊ ይሉታል፤ እያንዳንዱ በየጊዜው ይጥላል፣ ተራው የደረሰው ጠቅልሎ ይወስዳል። እቁብ ማለት ነው። ባንክ የማያምነውን ሰው የአገሩ ልጅ ያምነዋል።

የ1882ቱ ሕግ በ1943 ተሻረ፤ የተፈቀደው ግን በዓመት 105 ሰው ብቻ ነበር። በሩ በእውነት የተከፈተው በ1965 ሕግ ነው። ከዚያም በኋላ በወረቀት መግባት ያልቻለው በባሕር ይመጣ ጀመር። በሰኔ ወር 1993 «ጎልደን ቬንቸር» የተባለች መርከብ 286 ሰው እንደ ጫነች ኒው ዮርክ አጠገብ አሸዋ ላይ ተቀረቀረች፤ ወደ ባሕሩ ዘለው ለመዋኘት ከሞከሩት መካከል 10 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ የፉጂያን አውራጃ ሰዎች ነበሩ፤ ለአሻጋሪው በነፍስ ወከፍ የሚከፈለው ዕዳ በዚያን ጊዜ 30,000 ዶላር ገደማ ይደርስ ነበር። ይህን ዕዳ የሚከፍሉት በምግብ ቤት ጓዳ ነው።

የአቀጣጠሩ ነገር ደግሞ ይህን ይመስላል። በኒው ዮርክ የቻይናዎች ሠፈር፣ ከማንሃተን ድልድይ ሥር፣ የሥራ አገናኝ ቢሮዎች ተደርድረው ይገኙ ነበር፤ እኛ ደላላ የምንለው መሆኑ ነው። በግድግዳው ላይ በተለጠፈችው ብጣሽ ወረቀት የሚጻፈው የሥራው ዐይነት፣ የወር ደመወዙና ምግብ ቤቱ ያለበት አገር የስልክ መለያ ቍጥር ነው። የከተማው ስም አይጻፍም፤ ቢጻፍም ለማያነበው ሰው ምን ይጠቅመዋል? «በአውቶቡስ ይህን ያህል ሰዓት» ይባላል፣ ማታውኑ ይሳፈራል። እንደ ደረሰ አሠሪው ይቀበለውና ከሌሎች ወጥ ሠሪዎች ጋር አንድ ቤት ውስጥ ያሳድረዋል። በቀን 12 ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን መሥራት የተለመደ ነው። መኝታና ምግብ ከአሠሪው ስለ ሆነ ደመወዙ ሳይነካ ለዕዳው ይላካል። ይህ እንደ ደግነት የሚቈጠርበት ጊዜ አለ፤ ዳሩ ግን ሥራውን የለቀቀ ሰው በዚያው ምሽት ማደሪያውንም ይለቃል።

ወደ እኛ ሰዎች እንመለስ። ከ1974ቱ አብዮት በፊት ወደ አሜሪካን አገር ይሄድ የነበረው ኢትዮጵያዊ አብዛኛው ተማሪ ነበር። ሳሕን ቢያጥብም ለኪስ ገንዘብ ነው፤ ትምህርቱን ሲጨርስ ቢሮና ወንበር አገሩ ላይ ይጠብቁታል። አብዮቱ ከመጣ በኋላ ግን መመለስ ቀረ። የ1980ው የስደተኞች ሕግ በሱዳን በረሃ ተጠልሎ ለነበረው ሰው መግቢያ ሆነ። በ1990 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ዲቪ የተባለውን ዕጣ አመጣ፤ ዕጣው ከ1995 ጀምሮ በዓመት 55,000 ቪዛ ለዓለም ሕዝብ ያካፍል ዘንድ የተደነገገ ነበር። ባለ ዕጣው ከፉጂያኑ ሰው የሚለየው ወረቀቱ የተሟላ በመሆኑ ነው። ዕዳ ግን እርሱም አያጣም፤ የአውሮፕላኑን ትኬት የገዙለት አጎት፣ ወርቃቸውን የሸጡ አክስት አሉና።

በዋሺንግተን ከተማ በ1978 በጆርጂያ አቬኑ «ማማ ደስታ» የተባለ ምግብ ቤት ተከፈተ፤ ስሙን ያገኘው ከወጥ ሠሪዋ ከወይዘሮ ደስታ ባይሩ ነው። ቀጥሎ በ1980ዎቹ ዓመታት አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሠፈር በ18ኛው መንገድ ላይ በርከት ያሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ተደረደሩ። የቤት ኪራይ ሲንር ወደ ዩ ስትሪትና ወደ 9ኛው መንገድ፣ እዚያም ሲንር ከከተማው ወጥተው ሜሪላንድ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቨርጂኒያም ወደ አሌክሳንድሪያ ሄዱ። ሠፈሩን ያደመቀው ምግብ ቤት በድምቀቱ ምክንያት በናረው ኪራይ ይባረራል። በሎስ አንጀለስ ግን በ2002 የፌርፋክስ አቬኑ አንዱ ክፍል «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በከተማው ምክር ቤት ተሰይሟል።

መጀመሪያ ላይ ጤፍ በቀላሉ አይገኝም ነበር። በስንዴና በሌላ ዱቄት እያደባለቁ እንጀራ የሚመስል ነገር ይጋግሩ ነበር። ኋላ በአይዳሆ አንድ አሜሪካዊ ጤፍ መዝራት ጀመረ፤ የእኛ መንግሥት በ2006 ጤፍ ወደ ውጭ አገር እንዳይወጣ በከለከለ ጊዜ የአይዳሆው ጤፍ የብዙዎችን ማድ አዳነ።

አሁን ወደ ጓዳው እንግባ። አዲስ የመጣ ሰው ምግብ ቤት የሚገባው ስለ ወደደው አይደለም። ሳሕን ለማጠብ እንግሊዝኛ አይጠየቅም፤ የምስክር ወረቀትም አይጠየቅም፤ አሠሪው የአገር ልጅ ነው፤ ምሳና እራት እዚያው ይበላል፤ ጉርሻው በዚያው ሌሊት እጅ ላይ ይገባል። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። በ1996 የወጣው ሕግ ማመልከቻውን ካስገባ 180 ቀን ሳይሞላው የሥራ ፈቃድ እንዳይሰጠው ይከለክላል። ያን ግማሽ ዓመት ምን በልቶ ይኑር? የዘመድ ሶፋ ላይ ይተኛል፣ ካልሆነም በፊት በር ሳይሆን በጓዳ በር ይቀጠራል።

ስለ ደመወዙ ጠንቅቆ ማወቅ ያስፈልጋል፤ እዚህ ሆነን የምንሰማው የተሳሳተ ነውና። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ጉርሻ የሚቀበለው አሳላፊ ግን ከዚህ ውጭ ነው። እርሱን አሠሪው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ከከፈለው ይበቃል፤ ይህች ቍጥር ከ1991 ወዲህ አልተነቃነቀችም። በሳምንት 40 ሰዓት ለሠራ 85 ዶላር ከ20 ሳንቲም ማለት ነው። የቀረውን የሚከፍለው ተመጋቢው በጉርሻ መልክ ነው፤ ጉርሻው ጉድለቱን ካልሞላ አሠሪው እንዲሞላ ሕጉ ያዛል። ብዙ ግዛቶች የራሳቸውን ከፍ ያለ ልክ አውጥተዋል፤ ቨርጂኒያ ግን በእጅ ለሚከፈለው አሁንም በ2 ዶላር ከ13 ሳንቲሙ ትሄዳለች። እንግዲህ በዝናብ ቀን፣ በሰኞ ምሽት፣ ወይም የእኛ ሰው ብቻ በተሰበሰበበት ዕለት የአሳላፊዋ ገቢ ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ራሱ ያስላው። በአገራችን ጉርሻ ማለት ፍቅር ነው፤ እዚያ የቤት ኪራይ ነው። ሁለቱን ያልለየ እንግዳ ከጓደኛው ጋር ተጎራርሶ፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ዶላር ጥሎ ይወጣል።

የዋሺንግተን ከተማ ሕዝብ በ2018 ይህ ልዩነት ቀስ በቀስ ይቅር ብሎ ድምፅ ሰጠ፤ የከተማው ምክር ቤት በዚያው ዓመት ሻረው። በ2022 ሕዝቡ እንደገና ድምፅ ሰጠ፤ በ2025 ምክር ቤቱ ዳግመኛ ነካካው። በዚህ ክርክር የእኛ ሰዎች በሁለቱም ወገን ይገኛሉ። ባለቤቱ «ኪራዩና ደመወዙ ተደርበው ይዘጉኛል» ይላል፤ ሐሰት አይደለም፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ከሚስቱ ጋር ጠዋት ከፍቶ እኩለ ሌሊት የሚዘጋ ሰው ነው። አሳላፊዋም የምትለው ሐሰት አይደለም። የአገር ልጅነት የደመወዝን ጥያቄ አያስቀረውም፤ ለመጠየቅ ያሳፍራል እንጂ። «እኔ አይደለሁ ወይ ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበልኩህ?» ያለ አሠሪ የትርፍ ሰዓት ሒሳብ ቢጠየቅ እንደ ክሕደት ይቈጥረዋል።

ሌላው ጉዳት በገንዘብ የማይቈጠር ነው። በጓዳ ውስጥ ቋንቋው አማርኛና ትግርኛ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ስፓኝኛ ነው፤ በዋሺንግተን ወጥ ቤቶች ከኤል ሳልቫዶር የመጣ ሰው ብዙ ነውና። አሥር ዓመት ሠርቶ ስፓኝኛውን ያቀላጠፈ፣ እንግሊዝኛው ግን ሲሄድ እንደ ነበረው የቀረ ሰው መኖሩ ቀልድ አይደለም። በዚህ ላይ ዲግሪ ይዞ የሄደው ሰው አለ። መሐንዲሱ፣ ነርሱ፣ መምህሩ የምስክር ወረቀታቸው እዚያ እስኪመረመርና ፈተናውን እስኪያልፉ ድረስ ለስድስት ወር ብለው ጓዳ ይገባሉ። ስድስት ወሩ የሚረዝመው ስንፍና ስላለባቸው አይደለም። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ቤቱ የገባ ሰው ጠዋት ሁለት ሰዓት ክፍል መግባት ስለሚያቅተው፣ ፈተናውም ራሱ ገንዘብ ስለሚጠይቅ፣ ከዚህም የሚላከው ደብዳቤ የእኅት ትምህርት ቤት ክፍያ ስለሚያነሣ ነው። በቤቱ ምጣድ ነክቶ የማያውቅ ወንድ እዚያ ሽንኩርት ሲከትፍ መገኘቱ ግን እንደ ጉዳት የሚቈጠር አይመስለኝም። አራት ሰው በአንድ ትሪ መብላቱም ለሳሕን አጣቢው ትልቅ ውለታ ነው።

ይህን ሁሉ ስናነብ የምናዝን ከሆነ፣ ከአምቦ መንገድ ዳር፣ እዚሁ ሳንሱሲ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ቁጭ ብለን ሻይ የምታቀርብልንን ልጅ ደግሞ እንመልከት። እርሷም ስደተኛ ናት፤ ከገጠር የመጣች ናት፤ ደላላ አገናኝቷት፣ ማደሪያዋ ከጓዳው ጥግ ሊሆን ይችላል። የፉጂያኑ ሰው ከተሳፈረበት አውቶቡስ የእርሷ የሚለየው በርቀቱ ብቻ ነው። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 መብለጥ የለበትም፤ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍትም ተደንግጓል። ይኸው አዋጅ ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል፤ አዋጁ ከወጣ በኋላ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ዝቅተኛው ደመወዝ እንዲወሰን ዓመት ከዓመት ሲጠይቅ ቆይቷል።

በአሜሪካን አገር አንድ ነገር አለ። የሰዓት ደመወዙና የትርፍ ሰዓት ሕጉ የመኖሪያ ወረቀት ለሌለው ሠራተኛም ይሠራል፤ ያልተከፈለውን ሒሳብ እስከ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ፣ አሠሪው ሆን ብሎ የከለከለው እንደ ሆነ ደግሞ እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ሊጠይቅ ይችላል። የሚፈለግበት ማስረጃ የሠራበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ከመካከላችን የሚሄድ ሰው ቢኖር ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር አንዲት ትንሽ ደብተር ሻንጣው ውስጥ ይክተት፤ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእጁ ይጻፍባት። እዚህ ለቀረችው ለሻይ አቅራቢዋም ሌላ እንዲህ ያለች ደብተር ብንገዛላት ዋጋዋ ከሁለት ሻይ ብዙ አይበልጥም።