ከአንቀጽ 551 በፊት ያለው አንቀጽ

ጽንስ ስለ ማቋረጥ በአገልጋዮች መካከል ሲነሳ ሁለት አባባሎች ይደጋገማሉ። አንዱ «በሀገራችን በሕግ የተከለከለ ነው» ይላል፤ ሌላው «መንግሥት ከፈቀደ ቆየ» ይላል። ሕጉን ገልጦ ያነበበ ሰው ሁለቱንም እንዲህ በደፈናው አያገኛቸውም። ምክር ፈልጋ ቢሮዎ የምትገባ እህት ግን የምትሰማው ከሁለቱ አንዱን ነው፤ ስለዚህ ሕጉን ማወቅ ከመጋቢነት ሥራችን ውጭ አይደለም።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጽንስ ማቋረጥን የሚፈቅደው እናቲቱን ከከባድና ዘላቂ አደጋ ለማዳን ብቻ ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግም (አዋጅ ቁጥር 414/1996) መነሻው ክልከላ ነው፦ በአንቀጽ 545 መሠረት ጽንስን ሆን ብሎ ማቋረጥ፣ የእርግዝናው ጊዜ ምንም ያህል አጭር ቢሆን፣ ያስቀጣል። አንቀጽ 551 ግን የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፦ እርግዝናው በመደፈር ወይም በዘመዳሞች መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ከሆነ፤ የእናቲቱ ወይም የልጁ ሕይወት፣ ወይም የእናቲቱ ጤና አደጋ ላይ ከወደቀ፤ ጽንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ካለው፤ እርጉዟ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም በዕድሜዋ ለጋነት ልጅ ለማሳደግ የማትችል ከሆነች። አንቀጽ 552 ደግሞ «ተደፍሬ ነው» ያለች ሴት ቃሏ ብቻ በቂ ማስረጃ እንደሚሆን ይደነግጋል። ፍርድ ቤት እስኪያረጋግጥላት አትጠብቅም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ አገልጋዮችን ያስቆጣል፤ «ማንም ዋሽታ ትገባለች» ይላሉ። የምትዋሽ ልትኖር ትችላለች። ነገር ግን ደፋሪው ጎረቤት ወይም የሥጋ ዘመድ ሲሆን ሽማግሌ ተልኮ ነገሩ በዕርቅ በሚዘጋበት አገር፣ «ማስረጃ አምጪ» ማለት ለብዙዎቹ «ዝም በይ» ማለት ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ2008 እና በ2014 የተደረጉ ሀገር አቀፍ ጥናቶች በዓመት የሚቋረጡ ጽንሶችን 382,500 እና 620,300 ብለው ገምተዋል። በጤና ተቋም የተፈጸመው ድርሻ ከ27 በመቶ ወደ 53 በመቶ አድጓል። ቀሪው ግማሽ ያህል ከጤና ተቋም ውጭ የተፈጸመ ነበር።

ቅዱሳት መጻሕፍትስ? መዝሙር 139፣ ኤርምያስ 1 እና ሉቃስ 1 ጽንሱን እግዚአብሔር የሚያውቀው አድርገው ያቀርቡታል። ዘጸአት 21፥22-25 ግን ቀላል አይደለም። የዕብራይስጡ ጽሑፍ ጉዳቱ የእናቲቱ ይሁን የጽንሱ በግልጽ አይለይም፤ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ደግሞ ቅርጽ በያዘና ባልያዘ ጽንስ መካከል ይለያል፣ ቅርጽ በያዘው ላይ ነፍስ ስለ ነፍስ ይጠይቃል። የግዕዙ ኦሪት ከግሪኩ የተተረጎመ ስለሆነ ክርክሩ ለእኛ የባዕድ አይደለም። ታላቁ ባስልዮስ በአራተኛው ክፍለ ዘመን ይህን ልዩነት አልተቀበለም፤ ድርጊቱን ግድያ ብሎታል። እኔም ከእርሱ ጋር ነኝ። ነገር ግን ባስልዮስን የሚጠቅሱ ሰዎች ቀጥሎ ያለውን ይዘሉታል፦ በዚያው ቀኖና እናቲቱም ራሷ ተጎጂ መሆኗን፣ ብዙዎች በዚሁ ምክንያት እንደሚሞቱ ያነሣል፤ ንስሐዋም እስከ ሞት እንዳይራዘም፣ በዓመታት ቁጥር ሳይሆን በንስሐው ሁኔታ እንዲመዘን ያዛል።

አሁን ማንም ወደማይጠቅሰው አንቀጽ 550 እንምጣ። የሚለው አጭር ነው፤ ጽንሱ የተቋረጠው በከባድ ድህነት ምክንያት ከሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያቀላል። አይፈቅድም፤ ነገር ግን ድህነት እጅ እንዳለበት ያምናል። ዳኛ ማድረግ የሚችለው ይህን ያህል ነው። ከዚያ በፊት ያለው የእኛ ሥራ ነው።

አንቀጹን አረርቲ ላይ አስቀምጠው ያስቡት። የምንጃር ጤፍና ሽምብራ የሚወጣበት ከተማ፣ አሁን ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ያለበት። ከገጠር ቀበሌ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ስንቋን ከቤተሰብ የምትቀበል ልጅ፤ ወይም በፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራ። ካረገዘች ክፍሏን፣ ትምህርቷን ወይም ደመወዟን ልታጣ ትችላለች። ወንጌላውያን ጥቂት በሆኑበት ከተማ ደግሞ «የጴንጤ ልጅ አረገዘች» የሚለው ወሬ አለ። ቤተሰቧ ከረሃቡ ይልቅ ይህን ሊፈራ ይችላል።

በዚህ ላይ የእኛ እገዳ ይጨመራል። ሆዷ የገፋ እህት በጉባኤ ፊት ስሟ ተጠርቶ ከጌታ እራት ትታገዳለች፤ ከመዘምራን ትወጣለች። ወንዱ ሆድ ስለሌለው ብዙ ጊዜ አይጠራም። ጽንሱን በስውር ያቋረጠችውም አትጠራም፤ በሚቀጥለው እሁድ ከመዘምራን መካከል ቆማ ትታያለች። እንግዲህ በሥራችን የቀጣነው ማንን ነው? ልጇን ለመውለድ የወሰነችውን። ከመድረክ ስለ ጽንስ ሕይወት የምንሰብከው እንዲህ ባለ አሠራር ስር ቆመን ነው።

ተግሣጽ ይቅር አላልኩም። በምስጢር ይጀመር፣ ወንዱም ይጠራ፣ እስክትወልድ ድረስ የሕዝብ ፊት አይሁን። የሽማግሌዎች ጉባኤ ጉዳይ ሳይመጣበት አስቀድሞ ይወስን፦ የስድስት ወር የቤት ኪራይ ከየትኛው ሣጥን ይወጣል? ለእርግዝና ክትትል ከእርሷ ጋር ጤና ጣቢያ የምትሄደው እናት ማን ናት? ወላጆቿ ቤት ሄዶ የሚያነጋግረውስ?

ተደፍራ የመጣች ከሆነች ግን ሰዓት ይቆጠራል። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ እርግዝና እንዳይፈጠር የሚወሰደው ክኒንም በቶሎ ሲወሰድ ነው የሚሠራው። ጸሎቱን ወደ ሆስፒታል እየሄዱ ማድረግ ይቻላል።