ውሃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን የሚያዋጣው የት ነው?

ውሃ ላይ ተነሥቶ ውሃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን ማኮብኮቢያ ሜዳ አይፈልግም። ለአነስተኛ ኩባንያ ይህ ትልቅ ቁጠባ ይመስላል፤ ወጪው ግን በሌላ በር ይገባል። በጎማ ፈንታ የሚገጠሙት ሁለት ተንሳፋፊዎች ከባድ ከመሆናቸውም በላይ አየሩን ስለሚጋፉ አውሮፕላኑ የሚይዘው መንገደኛ ይቀንሳል። የባሕር ጨው ብረት ስለሚበላ በንጹሕ ውሃ ዘወትር መታጠብ አለበት። አብራሪው ማዕበሉንና ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ግንድ በዓይኑ አይቶ ማረፍ ስላለበት የሚበረው በአብዛኛው በቀን ብርሃን ነው። የኪራይ፣ የደመወዝና የኢንሹራንስ ክፍያ ግን አውሮፕላኑ በረረም አልበረረም አይቀርም።

የሕንዱ ሙከራ ይህን በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2020 ስፓይስጄት አየር መንገድ ከአህመዳባድ፣ ከሳባርማቲ ወንዝ ላይ እየተነሣ የዓለማችን ረጅሙ ሐውልት እስካለበት ኬቫዲያ ድረስ መብረር ጀመረ። ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ ራሳቸው ተሳፍረው መረቁት፤ መንግሥትም ደገፈው። ያም ሆኖ ሥራው የተመሠረተው በአንድ አውሮፕላን፣ እሱም ከማልዲቭስ በተከራየው ትዊን ኦተር ላይ ነበር። አውሮፕላኑ ለጥገና ወደ ማልዲቭስ በተመለሰ ቁጥር በረራው ይቋረጥ ነበር። ቲኬት የቆረጠ ሰው አንዴ ከቀረበት፣ ሁለተኛ ጊዜ በመኪና መሄድን ይመርጣል፤ መንገዱም አለ። በኤፕሪል 2021 አገልግሎቱ ተቋረጠ።

ማልዲቭስ ራሷ ግን ሌላ ታሪክ ናት። 1,200 ገደማ ደሴቶች ባሉባት አገር፣ ወደ ሩቅ ሪዞርት የሚሄደው እንግዳ የበረራውን ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ከመኝታው ጋር ነው። መንገደኛውን የሚያመጣው ሆቴሉ ስለሆነ አየር መንገዱ ገበያ ፍለጋ አይደክምም። ትራንስ ማልዲቪያን የተባለው አየር መንገድ ከ50 በላይ ትዊን ኦተሮች አሉት፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተካዋል።

በካናዳ ሐርበር ኤር የተባለው አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲጀምር የነበሩት ሁለት ቢቨር አውሮፕላኖች ብቻ ነበሩ፤ ደንበኛው ደግሞ የደን ኢንዱስትሪው ነበር። ዛሬ ከቫንኩቨር መሀል ከተማ ቪክቶሪያ መሀል ከተማ በ35 ደቂቃ ገደማ ያደርሳል፤ በመኪናና በመርከብ ሦስት ሰዓት ያልፋል። ለዚህ ልዩነት የሚከፍሉት ዓመቱን ሙሉ የሚመላለሱ ነጋዴዎችና ባለሥልጣናት ናቸው። ጎብኚ ብቻ ላይ የተመሠረተ መስመር ይህ ዋስትና የለውም።

ስለዚህ ጀማሪ ኩባንያ ከአውሮፕላን ግዢ በፊት ሦስት ነገር ማረጋገጥ አለበት፦ በሌላ መንገድ ቶሎ መድረስ የማይችል ቋሚ መንገደኛ፣ በቅርብ የሚገኝ ጥገና፣ እንዲሁም ተተኪ አውሮፕላን። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የመንግሥት ድጎማ ኪሳራውን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።